የመምህሬ ግጥሞችና ጥቁሩ መስኮት

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከአሥር ዓመት በላይ ባገለገለኝ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው። አካሉ ያው ነው፤ ውስጡ ግን ተለውጧል። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እንደኔው ያሉ ያረጁ ማሽኖችን በደንቡ አይቀበልም። አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት በባንክ ሠራተኛ ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለምና ምን እንደማደርግ ሳስብ ሰነበትሁ። በመጨረሻ ሸዋ በር አካባቢ ኮምፒዩተር የሚጠግን አንድ ወጣት «ወንድሜ፣ ሊኑክስ ልጫንልህ፤ ገንዘብም አይጠይቅ፣ አሮጌም አይንቅ» አለኝ። እሺ አልሁት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ለውጥ ያላየሁ ያህል አለፉ። የጫነልኝ ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ዓይነት ነው። ከታች በግራ ጥግ የሚከፈት ሜኑ አለው፤ ሜኑው ሲከፈት ፕሮግራሞቹ ከነሥዕላቸው ይደረደራሉ፤ ማውሱን ይዤ እጠቁማለሁ፣ እጫናለሁ፣ ይከፈታል። አንድ ነገር ብቻ አስፈርቶኝ ነበር። ወጣቱ በሥራው መካከል ሥዕል የሌለበት፣ ሜኑ የሌለበት ጥቁር መስኮት ከፍቶ ሁለት ሦስት አጫጭር ቃላት ይጽፍበታል፤ ማሽኑም ረጅም መልስ ይመልስለታል። ተርሚናል ይሉታል፤ የትእዛዝ መስመር ማለት ነው። «ይህንንም መማር አለብኝ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ካልፈለግህ ጨርሶ አትከፍተውም» አለኝ። እኔም ላለመክፈት ወሰንሁ።

ውሳኔዬን ያስለወጠችኝ የመምህሬ ልጅ ናት።

መምህሬ የምለው ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ አማርኛ ያስተማረኝን ሰው ነው። ስሙን እንዳልጠራ ልጁ ስለለመነችኝ አልጠራውም። ቀይ እስክሪብቶው የማይምር ነበር። ፀሐይን በጸሎቱ ጸ የጻፈ፣ ሠርግን በእሳቱ ሰ ያበላሸ ተማሪ፣ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢያምር ነጥቡ ይቀነስበታል። «ድምፁ አንድ ነው፤ ምን ለውጥ አለው?» ብለን ስንከራከረው፣ ፊደሉ የቃሉን ዘር የሚያሳይ ምስክር መሆኑን፣ ምስክሩን ያባረረ ሰው ደግሞ በኋላ ለራሱ መሟገቻ እንደሚያጣ ይነግረን ነበር። የመጀመሪያ ግጥሜን ወስጄ ሳሳየው ስለ ግጥሙ አንድም ቃል አልተናገረም፤ አራት የፊደል ስሕተት አርሞ መለሰልኝ። ያን ጊዜ ተከፍቼ ነበር። ዛሬ ግን ያን ወረቀት ከዲግሪዬ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

መምህሬ በ2010 ዓ.ም. ዐረፈ። ባለፈው ኅዳር አንድ ምሽት ልጁ ቤቴ መጥታ አንድ ፍላሽ በእጄ ላይ አኖረች። «አባባ ሲጽፍ የኖረው ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። የድሮው ኮምፒዩተር ከመጣሉ በፊት ገልብጠነው ነበር፤ ግን ቢከፈትም አይነበብም» አለችኝ። ከዚያም ዝም ብላ ቆየችና፣ «ሁሉም ቢቀር ግድ የለም። ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ያነበበልኝ አንድ ግጥም አለ። ስለ ፀሐይ ነበር። እሱን ብቻ ብታገኝልኝ…» አለች። ፍላሹ ውስጥ 187 ፋይሎች ነበሩ። አንዱን ከፈትሁት። ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደላት፣ የጥያቄ ምልክት፣ ቅንፍና ነጥብ የተደባለቀበት፣ የትኛውም ሀገር ሰው የማያነበው ነገር ነው።

ነገሩ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። በዘጠናዎቹ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ በኮምፒዩተር አማርኛ ስንጽፍ፣ ማሽኑ አማርኛ መጻፋችንን አያውቅም ነበር። የዚያን ጊዜዎቹ የፊደል ቅርጾች ለአንድ ምልክት በሚሰጡ 256 ቦታዎች ላይ የተሠሩ ነበሩ፤ ቦታዎቹም ለላቲን ፊደላት የተመደቡ ናቸው። የኛ ሰዎች በላቲኑ ቁጥር ላይ የአማርኛውን መልክ አለበሱት። ፊደላችን ብዙ ስለሆነም አንዳንዱ ፊደል ከሁለት ምልክቶች ተገጣጥሞ ይሠራ ነበር። ያ የፊደል ቅርጽ የተጫነበት ማሽን ላይ አማርኛ ይታያል፤ ከሌለ ግን ልብሱ ይወልቅና ከሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ለግእዝ ፊደል 384 ቦታዎች ያሉት የራሱ ክልል ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። መምህሬ ግን የለመደውን አልለወጠም። እስከ መጨረሻው የጻፈው በአሮጌው ነው።

በለመድሁት መንገድ ጀመርሁ። ልጁ ከአባቷ ወረቀቶች መካከል ዘጠኝ የታተሙ ግጥሞች አግኝታ ሰጥታኝ ነበር። የታተመውን ከጎኔ አስቀምጬ፣ ፋይሉን በሊብሬ ኦፊስ ከፍቼ፣ ከሜኑው «ፈልገህ ተካ» የሚለውን መርጬ፣ ይህ ምልክት በዚህ ፊደል ይተካ እያልሁ አንድ በአንድ መለወጥ ያዝሁ። ለአንድ ግጥም ከመቶ በላይ ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ሦስት ምሽት ሠርቼ ሁለት ግጥም ጨረስሁ። በዚህ አካሄድ 187ቱ ከዘጠኝ ወር በላይ እንደሚፈጁ የባንክ ሰው ነኝና ወዲያው አሰላሁት። በአራተኛው ቀን ጣቴ ከማውሱ ላይ ደንዝዞ ሳለ ወደ ሸዋ በሩ ወጣት ደወልሁ። ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ጥቁሩን መስኮት ክፈት እንጂ!» አለኝ።

ስለ ሜኑ ክፉ መናገር አልሻም። እንጀራዬን የምበላው በሜኑ ነው። በባንክ መስኮቴ ፊት የሚቆም ደንበኛ የሚፈልገውን በራሱ አነጋገር ይነግረኛል፤ አንዱ «ለልጄ የሚላክ ነበረ» ይላል፣ ሌላው «ያቺን ገንዘብ ወዲህ አምጣት» ይላል፤ እኔ ያንን ሰምቼ በማሽኔ ላይ ከተደረደሩት ምርጫዎች አንዱን እጫናለሁ። ሜኑ ማለት አንድ አስቀድሞ ያሰበ ሰው፣ እኔ ምን ልፈልግ እንደምችል ገምቶ ያዘጋጀልኝ ዝርዝር ነው። ግምቱ ልክ ሲሆን ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ማስታወስ አያስፈልግም፤ አይቶ መለየት ይበቃል። ዋጋውን የምናውቀው ያላሰበልንን ነገር የፈለግን ዕለት ነው።

ደግሞም ሜኑ ለሚያነብ ሰው ነው። በስልክ ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱ፣ ማንበብ የማይችሉ አንዲት ነጋዴ ደንበኛ አሉኝ። ኮከቡን፣ ቁጥሩን፣ መሰላሉን ከደወሉ በኋላ በስልካቸው ላይ የሚመጣው የምርጫ ዝርዝር ለሳቸው ምንም አይነግራቸውም። ልጃቸው አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት ብሎ አስጠንቷቸው፣ እንደ ውዳሴ በቃላቸው ይዘው ይሠሩበት ነበር። አንድ ቀን የዝርዝሩ ተራ ተለውጦ ኖሮ ግራ ተጋብተው መጡ። «ልጄ፣ ሦስቷ ወዴት ሄደች?» አሉኝ። እኔ ሜኑ ያልሁት ነገር ለእናቴ ለእኒህ ሴት የትእዛዝ መስመር ኖሯል። እያዩ ሳይሆን እያስታወሱ ነበር የሚሠሩት። ጥቁሩን መስኮት በከፈትሁ ምሽት እሳቸውን አሰብሁ። ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ጭረት ብቻ አለች። ምን እንዳለ አታሳይም፤ ምን እንደምትፈልግ ንገረኝ ብላ ትጠብቃለች።

ቃላቱ የኛ አለመሆናቸው ደግሞ ሌላ ችግር ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ቢሆንም፣ የትእዛዝ ቃላቱ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካው የቤል ላብራቶሪ ከጀመሩት ከዩኒክስ ነው። ያን ጊዜ ሰው ከኮምፒዩተር ጋር የሚነጋገረው ቴሌታይፕ በሚባል፣ እንደ ጽሕፈት መኪና በወረቀት ላይ በሚያትም ዝግተኛ መሣሪያ ነበር፤ ስለዚህ ቃላቱ ተቆራርጠው አጠሩ። ዝርዝር ለማየት ኤል ኤስ፣ ለመገልበጥ ሲ ፒ፣ ለመሰረዝ አር ኤም፣ ለመፈለግ ግሬፕ። በሥዕልና በማውስ መሥራትን የተለማመዱት ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ዜሮክስ በሠራው አልቶ፣ ከዚያም በ1984 በማኪንቶሽ፣ በ1985 በመጀመሪያው ዊንዶውስ ነው። እንግሊዝኛ ላፉን ለፈታ ሰው እንኳ እንቆቅልሽ የሆኑትን እነዚህን ግማሽ ቃላት፣ እኔ የአማርኛ ግጥም ለማዳን መሸምደዴ አስቆኛል።

ያም ሆኖ ነገሩ ጨርሶ ባዕድ አልሆነብኝም፤ ምክንያቱም ሐረር ነው ያደግሁት። ወደ ጀጎል መግባት የሚቻለው በሁለት መንገድ ነው። ለመኪና ተብሎ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በተከፈተው በሐረር በር ከገቡ፣ ሰፊው ጎዳና ማንንም ሳያስጠይቅ ቀጥ አድርጎ ፈረስ መጋላ ያደርሳል። በአሚር ኑር ግንብ ላይ ካሉት ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች በአንዱ ገብቶ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች የሚሄድ እንግዳ ግን፣ የሚፈልገውን ቤት በዓይኑ አይቶ አያገኘውም። ግድግዳው ሁሉ ይመሳሰላል። መጠየቅ አለበት፤ ለመጠየቅም ስም ማወቅ አለበት፤ የመስጊዱን፣ የአዋቹን፣ ወይም የሰውየውን ስም። የሐረር ሰው ደግሞ ደግ ነው፤ «ቡዳ በር» ብትለውም፣ «በድሮ በሪ» ብትለውም፣ «ኤረር በር» ብትለውም፣ «አርጎብ በሪ» ብትለውም ይገባዋል፣ ያደርስሃልም። ጥቁሩ መስኮት ግን ይህ ደግነት የለውም። አንድ ስም ብቻ ያውቃል፤ አንዲት ፊደል ከሳትህ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ብሎ ያሰናብትሃል።

ሥራው እንዲህ ሄደ። መጀመሪያ 187ቱን ፋይሎች በአንድ ትእዛዝ ወደ ተራ ጽሑፍ ለወጥኋቸው፤ ሊብሬ ኦፊስ መስኮቱን ሳይከፍት እንዲህ ማድረግ እንደሚችል እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ቀጥሎ ዘጠኙን የታተሙ ግጥሞች ከፋይሎቻቸው ጋር እያስተያየሁ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ በግራ አሮጌው ምልክት፣ በቀኝ እውነተኛው ፊደል። ረድፎቹ ከ240 በለጡ። በዘጠኙ ግጥሞች ውስጥ ያልተገኙትን ፊደላት ከሌሎቹ ግጥሞች ቃል እየገመትሁ ሞላሁ። አንድ ሌሊት ሙሉ ያስቸገረኝ ተራው ነበር፤ ከሁለት ምልክት የሚሠሩት ፊደላት ከነጠላዎቹ ቀድመው ካልተተኩ፣ አንደኛው ምልክት ብቻውን ይተካና ሁለተኛው እንደ ሙት ልጅ አንገቱን ሰብሮ ይቀራል። ተራውን ካስተካከልሁ በኋላ ትእዛዙን ጽፌ ኢንተርን ተጫንሁ።

ከአንድ እስትንፋስ ባነሰ ጊዜ አለቀ። አንዱን ከፈትሁት። አማርኛ ነው። መምህሬ ነው። የቤት መምቻ ድካሙ፣ የሐረር ዝናቡ፣ ስለ ጠመኔ አቧራ የጻፈው ቀልድ፣ ሁሉም አለ። ሰዓቱ ከሌሊቱ ሰባት ነበርና የምነግረው ሰው አጥቼ ብቻዬን በክፍሉ ውስጥ ተንጎራደድሁ።

ኩራቴ የቆየው ለሁለት ሳምንት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በየምሽቱ እየተቀመጥሁ 23 ግጥሞችን መስመር በመስመር አንብቤ፣ በመቀያየሩ የተበላሸውን ሥርዓተ ነጥብና የተሳሳተውን የመስመር አከፋፈል በእጄ አቀናሁ። ከዚያ በሠንጠረዤ ላይ አንዲት ፊደል መሳሳቷን ደረስሁበት። ቀላል ነው ብዬ፣ ያችን ፊደል በሁሉም ፋይሎች ውስጥ የሚያርም ትእዛዝ ጻፍሁ፤ ውጤቱም ወደዚያው ወደ ራሱ ፋይል እንዲጻፍ አዘዝሁ። ማሽኑ ግን ሊጽፍበት የታዘዘውን ፋይል ገና ሳያነበው አስቀድሞ ባዶ ያደርገዋል። ይህን አላውቅም ነበር። ኢንተርን ተጫንሁ። ምንም አልተናገረም። ፋይሎቹን ስዘረዝር የሁሉም መጠን ዜሮ ሆኗል። የመምህሬ ዋናው ቅጂ በፍላሹ ላይ ስላለ ግጥሞቹ አልጠፉም፤ የሁለት ሳምንት ምሽቶቼ ግን እንደ ጢስ በነኑ።

ያን ሌሊት ሜኑን ይቅርታ ጠየቅሁት። ሜኑ ከማጥፋቱ በፊት «እርግጠኛ ነህ?» ይላል፤ የጣልኸውንም ወዲያው አያቃጥለውም፣ በመጣያው ውስጥ ያቆይልሃል። እኛ ባንክ ቤት ከፍ ያለ ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይወጣም፤ አንዱ ያዘጋጃል፣ ሌላው አይቶ ያጸድቃል። ይህ ደንብ የወጣው ሠራተኛው ሌባ ነው ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ታማኝ ሰውም ሲደክመው እንደሚሳሳት ስለሚታወቅ ነው። ጥቁሩ መስኮት አጽዳቂ የለውም። ያዘዝኸውን እንዳዘዝኸው ያደርጋል፤ ቃልህን አምኖ፣ አሳብህን ግን ሳይጠይቅ። ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም ትእዛዝ በፊት ቅጂ አስቀምጣለሁ፤ ጣቴንም ኢንተር ላይ ከማሳረፌ በፊት የጻፍሁትን ድምፅ አውጥቼ አነበዋለሁ። አጽዳቂውን ከውስጤ አበቀልሁት ማለት ነው።

እንደገና ሠርቼ እንደ ጨረስሁ የልጂቱን ግጥም ፍለጋ ገባሁ። «ፀሐይ» ብዬ ጠየቅሁ። 31 መስመሮች መጡልኝ። አንድ በአንድ ብነግራትም የሷ ግጥም አልነበረበትም። «ምናልባት አልጻፈውም ይሆናል፤ በቃሉ ይሆናል ያነበበልኝ» አለች፤ ድምፅዋ ተስፋ ቆርጧል። ነገሩን ለወጣቱ ሳጫውተው፣ በካሬ ቅንፍ ውስጥ የተቀመጡ ፊደላት «ከነዚህ አንዱ» ማለት እንደሆኑ አስተማረኝ። ለእኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወንድማማቾች ናቸው፤ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ግን 4608፣ 4624 እና 4736 የሚባሉ የማይተዋወቁ ቁጥሮች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄዬን ለወጥሁና [ፀጸ][ሐሀኀ]ይ ብዬ ጻፍሁ። 52 መስመሮች መጡ። አዲሶቹ 21 መስመሮች በሙሉ «ጸሀይ» ይላሉ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በጸሎቱ ጸ፣ በሃሌታው ሀ! ነጥብ የሚያስቀንሰው ስሕተት፣ በራሱ በመምህሬ እጅ፣ ሃያ አንድ ጊዜ።

በፍላሹ ላይ ያሉትን ፋይሎች በጊዜ ቅደም ተከተል አስደረደርኋቸው። ማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር የሰጠኝን ቀን ወደኛው እየመለስሁ አየሁት። እስከ ግንቦት 2008 ዓ.ም. ድረስ አንድም «ጸሀይ» የለም። ከዚያ አራት ወር ባዶ ነው። ከመስከረም 2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አንድም «ፀሐይ» የለም። ሌሎቹንም ፈለግሁ። ዓመት አመት ሆኗል፤ ሠርክ ሰርክ ሆኗል፤ ኀዘን ሀዘን ሆኗል። በአንድ ክረምት ውስጥ ሰው አርባ ዓመት ያስተማረውን ሊረሳ አይችልም። ወደ ልጂቱ ደውዬ በዚያ ክረምት ምን እንደ ነበረ ጠየቅኋት።

«ያኔ ነው የታመመው» አለች። «ግማሽ አካሉ ያዘው። ቀኝ እጁ አልተመለሰለትም። ከተሻለው በኋላ በግራ እጁ፣ በአንድ ጣት ነበር የሚጽፈው። አንድ ገጽ ለመጨረስ ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር።» ያን ጊዜ ገባኝ። በሚጽፍበት ፕሮግራም ፀሐዩ ፀን፣ ሐመሩ ሐን፣ ንጉሡ ሠን፣ ዐይኑ ዐን ለማውጣት ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ያስፈልግ ነበር። ምትክ ለሌለው ፊደል መከራውን ይቀበላል፤ ምትክ ላለው ግን ለአንዲቷ ጣቱ ምሕረት ያደርግላታል። እኛን ያልማረን ሰው እጁን ማረ። የልጂቱም ግጥም ከነዚያ ከሃያ አንዱ መስመሮች በአንደኛው የሚጀምረው ነበር።

አሁን፣ አንባቢዬ፣ ፍትሕ እንዳላጓድል አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጥቁሩ መስኮት የግድ ነበር ማለት አልችልም። ፋይሎችን በቀን መደርደር በሜኑውም አለ፤ ዓመታት ሙሉ በዓይኔ ፊት ተቀምጦ ነበር። እኔ ግን ጠይቄው አላውቅም። ዝርዝሩ ሲቀርብልኝ ከቀረበው መርጬ እሄዳለሁ እንጂ፣ «እኔ ማወቅ የምሻው ምንድን ነው?» ብዬ ቆም አልልም ነበር። ባዶው መስኮት ያስገደደኝ ለዚህ ነው፤ ጥያቄ ይዤ ካልመጣሁ ምንም አይሰጠኝም። «ይህ ሰው ከየትኛው ቀን ጀምሮ የትኞቹን ፊደላት መጻፍ ተወ?» የሚለውን ጥያቄ ማንም ሜኑ አዘጋጅ አስቀድሞ ሊገምተው አይችልም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ከሚወድ ሰው ብቻ የሚመጣ ነው።

አንድ ውሳኔ ቀረኝ። ልጂቱ ግጥሞቹን በትንሽ መጽሐፍ አሳትማ ለዘመድና ለቀድሞ ተማሪዎቹ ልታድል አስባለች። ፊደሎቹ ይታረሙ ወይስ እንዳሉ ይቅሩ? ትእዛዙ አንድ መስመር ነው፤ ጸሀይ ሁሉ ፀሐይ፣ አመት ሁሉ ዓመት ይሁን ማለት ብቻ። ጻፍሁት። ድምፅ አውጥቼ አነበብሁት። ትክክል ነው። ጣቴ ግን አልታዘዘልኝም። ስሕተቶቹ ስሕተት መሆናቸው ቀርቶ የእጁ ዐሻራ ሆነውብኝ ነበር። እነሱን ማጥፋት በግራ እጅ፣ በአንድ ጣት፣ በሦስት ቀን የተጻፈውን ገጽ በሁለት እጅ እንደ ዋዛ እንደ ተጻፈ ማስመሰል መሰለኝ። አጽዳቂ ፈለግሁ፤ አጽዳቂዋም እሷ ናት።

በማግሥቱ ከሥራ መልስ ቤታቸው ሄድሁ። ነገሩን ስነግራት ብዙ አላሰበችበትም። «አባባ ቢሆን ያርመው ነበር» አለች። «በዚያች ጣቱ ሲጽፍ ስሕተቱን ሳያየው ቀርቶ ይመስልሃል? እያንዳንዷን ያያት ነበር። አንድ ቀን የሚያርምለት ተማሪ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር ማለት ነው።» መልስ አልነበረኝም። እኔ በኀዘኔታ ልተወው ያሰብሁትን፣ እሷ በአክብሮት እንዳርመው ፈረደች። ከሁለታችን አባቷን የበለጠ የምታውቀው እሷ ናት።

ሁለት ፎልደሮች አዘጋጀሁ። በአንደኛው ግጥሞቹ ልክ እሱ እንደ ጻፋቸው አሉ፤ በሁለተኛው ለኅትመት የታረሙት። በትእዛዝ መስመሩ ከሠራሁት ሥራ ለልጂቱ የሚታያት ምንም ነገር እንዳይኖር አድርጌ፣ እያንዳንዱን ግጥም በርእሱ ሰይሜ፣ በማንኛውም ማሽን ተጭኖ እንዲከፈት አድርጌ በዚያው በፍላሿ ላይ መለስሁላት። እሷ የፈለገችው አባቷን ነው እንጂ የኔን ጥቁር መስኮት አይደለም። ማውሱን ይዛ የፎልደሩን ሥዕል ሁለት ጊዜ ተጫነች። ዝርዝሩ ወጣ። ጣቷን በስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች እያወረደች ርእሶቹን ስታነብ ቆይታ፣ ከአንደኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። ማውሱን ለቃ ወደ እኔ ዞረች። «ይቺን አንተ አንብባት» አለችኝ። አነበብሁላት።